አንድም መስመር ያልሳለ ሰው

«ያንተን መጽሐፍ መቼ ነው የምናነበው?»

ይህን ጥያቄ የመጽሐፍ ምረቃ ላይ እጠየቃለሁ፤ ሠርግ ላይ እጠየቃለሁ፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጬም ተጠይቄ አውቃለሁ። ጠያቂዎቼ ክፋት የለባቸውም። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ሲያቃና የኖረ ሰው አንድ ቀን የራሱን ይዞ ብቅ ማለቱ አይቀርም ብለው ነው። እኔም ለብዙ ዘመን «እስቲ እንግዲህ» እያልኩ አልፍ ነበር። ዛሬ ልናዘዝ፤ መሳቢያዬ ውስጥ የደበቅኩት ልቦለድ የለም። ልጽፍም አስቤ አላውቅም። የምወደው ይኸንኑ የምሠራውን ነው፤ የሌላ ሰው ረቂቅ ተቀብሎ ማንበብ፣ ከጸሐፊው ጋር መቀመጥ፣ ጽሑፉ መሆን የሚችለውን እስኪሆን ድረስ መሟገት። ይህን አፌን ሞልቼ ለመናገር ግን የሆነ ነገር ያሳፍረኝ ነበር። እኛ ሀገር አብዛኛው መጽሐፍ የሚወጣው በደራሲው ኪስ ነው፤ አርታኢ የተባለው ሰውም ብዙ ጊዜ ፊደል ለቃሚ ወዳጅ ነው፤ ውለታው የምስጋናው ገጽ ላይ በአንድ መስመር ይወራረዳል። በዚህ መሀል «የኔ ሙያ ይኼ ነው፤ ይበቃኛል» ማለት በደራሲነት ፈተና የወደቀ ሰው ማመካኛ ይመስላል።

ከዚህ ኀፍረት ያወጣኝ አግኝቼው የማላውቅ ጃፓናዊ ነው። ካዙሂኮ ቶሪሺማ ይባላል። የኮሚክ አርታኢ ነው፤ ጃፓኖች ማንጋ የሚሉትን፣ በሥዕልና በጥቂት ቃል የሚተረክ ታሪክ ሲያርት የኖረ ሰው።

ወደ እሱ የመራኝ ልጄ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የድራጎን ቦል ፈጣሪ አኪራ ቶሪያማ በ68 ዓመቱ ማረፉ ሲሰማ፣ ልጄ እንደ ቤተሰብ ሐዘን ነው የተቀመጠው። ጎኩ የተባለውን ጅራታም ልጅ እያየ ነው ያደገው። ላጽናናው ብዬ ስለ ሰውየው ማንበብ ጀመርኩ። ባነበብኩት ሁሉ ግን ከሠዓሊው ስም ጎን አንድ ሌላ ስም እየመጣ ይደቀንብኛል። ለምን ይህን ያህል እንደሚነሳ እስኪገባኝ ድረስ ማንበቤን አላቆምኩም። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ቶሪሺማ በ1976 ቶኪዮ በሚገኘው ሹኤይሻ በተባለ አሳታሚ ድርጅት ተቀጠረ፤ የመደቡትም ሳምንታዊ ሾነን ጃምፕ የተባለ የወንድ ልጆች ማንጋ መጽሔት ላይ ነበር። መጽሔቱ ከ1968 ጀምሮ የሚወጣ ነው። ችግሩ፣ ሰውየው ማንጋ አንባቢ አልነበረም። የልቦለድ ሰው ነው። የተመደበበትን መጽሔት ገልጦ ሲያየው አልጣመውም። እንዲህ ያለ ሰው ወይ ዝውውር ይጠይቃል፣ ወይ ደመወዙን እየበላ ጊዜውን ይገፋል። እሱ ግን ከቢሮ ሹልክ እያለ የእህት ድርጅታቸው የሾጋኩካን የቆዩ መጽሔቶች ወደሚቀመጡበት ክፍል ይሄድ ነበር። እዚያ እንቅልፉንም ይተኛ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ሲነቃ ግን ያነብባል። ያገኘውን ሁሉ እያነሳ፣ የትኛው ዓይኑን ሳያደክም እንደሚነበብለት፣ የትኛው እንደሚያደናቅፈው መለየት ያዘ።

በመጨረሻ ከሁሉም እንደ ውሃ የሚወርድ ሆኖ ያገኘው የቴትሱያ ቺባን ማንጋ ነው። በቀርከሃ ሰይፍ ስለሚጋጠሙ ልጆች የሚተርክ፣ «ኦሬ ዋ ቴፔይ» የሚባል ሥራ። ያንን ደግሞ ደጋግሞ አነበበ፤ ታሪኩን ሊያውቅ አይደለም፤ ያውቀዋል። አንድ ገጽ ላይ ስንት ሣጥን አለ? ሠዓሊው ገጸ ባሕሪው ፊት ላይ የሚጠጋው መቼ ነው፣ የሚርቀውስ? ጃፓኖች ማንጋን ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚያነቡት፤ ታዲያ ዓይን ከላይ ከቀኙ ጥግ ተነስቶ ከታች ግራው ጥግ እስኪደርስ የት ላይ ያርፋል? ገጹን ለመግለጥ እጅን የሚያስቸኩለው የመጨረሻው ሣጥን ምን ይዟል? ሙያውን የተማረው እንዲህ ነው። ያስተማረው ሰው የለም፤ እሱም ለሙያው ፍቅር ኖሮት አልመጣም።

ይህን ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። እኔ ወደዚህ ሥራ የገባሁት አማርኛ አፍቅሬ ነው። ያማረ ዓረፍተ ነገር ሳገኝ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ ቤተሰቤም ለምዶታል። ፍቅሬን አልክድም። ነገር ግን ፍቅር ብዙ ይሸፍናል። ቶሪሺማ የሚሸፍንለት ነገር አልነበረውም፤ ሲሰለቸው ሰለቸው ነው። ያንን ስልቹነቱን እንደ መሣሪያ ያዘው፤ ሳንቲሙን ከፍሎ የገዛ ልጅ የሚሰለችበት ቦታ እሱ የሰለቸበት ቦታ ነውና። እኔም ከዚያ በኋላ ረቂቅ ሳነብ ሁለት ጊዜ አነባለሁ። በመጀመሪያው ንባብ ምንም አላርምም፤ እርሳስ ይዤ ሐሳቤ በሸፈተበት መስመር ዳር ላይ ነጥብ ብቻ አደርጋለሁ። ለምን እንደሸፈተ ያን ጊዜ አልጠይቅም። ስጨርስ ነጥቦቹ የተሰበሰቡበትን ገጽ አያለሁ፤ ብዙ ጊዜ ደራሲው ከሁሉም አስበልጦ የሚወደው ገጽ ሆኖ ይገኛል።

አርታኢ አንዲት ቃል ሳይጽፍ ሥራን ሊለውጥ እንደሚችል ለቶሪሺማ የገባው ጀማሪ ሳለ ነው። ዶበርማን ዴካ የተባለ የፖሊስ ታሪክ ነበር የሚያርተው። ውስጡ ያለችው ሴት ፖሊስ ሕይወት የላትም። ሠዓሊውን «አሻሽላት» ቢለው ምን ያሻሽላል? ስለዚህ ከአንድ የመዝናኛ መጽሔት በዚያን ጊዜ ልጆች የሚያብዱላትን ወጣት ዘፋኝ ፎቶ አምጥቶ ሰጠው፤ እንዲህ አድርገህ ሳላት። ሠዓሊው ሳላት፤ የታሪኩም ደረጃ ሽቅብ ወጣ። ደረጃ የምለው ጃምፕ የሚመራበትን አሠራር ነው፤ በየእትሙ ፖስት ካርድ አለ፤ አንባቢ የወደዳቸውን ሦስት ታሪኮች መርጦ ይልካል። ከታች የሚቀሩት በዐሥር ሳምንት ገደማ ይቋረጣሉ።

ወደ ቶሪያማ ልምጣ። ናጎያ አካባቢ የሚኖር፣ የማስታወቂያ ሥዕል ይሠራበት ከነበረ ድርጅት የለቀቀ የሃያ ምናምን ዓመት ወጣት ነው። ለሽልማቱ ገንዘብ ብሎ የጀማሪዎች ውድድር ላይ ሥራ ላከ። አልተሸለመም። ቶሪሺማ ግን ከወደቁት መሀል ያንን አነሳ። የማረከው ታሪኩ አይደለም፤ የእጁ ጽዳት ነው፤ የ«ቧ» እና የ«ድም» ድምፅ የሚጻፍባቸውን ፊደሎች ሳይቀር እንደ ሥዕል አሳምሮ የሚያስቀምጥ ልጅ። በ1978 የመጀመሪያ ሥራው ታተመ፤ የአንባቢው ድምፅ ሲቆጠር መጨረሻ ወጣ። ከዚያ የሆነው ነው እኔን ያስደነቀኝ። ቶሪያማ እየሣለ ይልካል፤ ቶሪሺማ አይሆንም ይላል። ሌላ ይልካል፤ አይሆንም። በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ውድቅ የሆነበት 500 ገጽ ያህል እንደሆነ ቶሪያማ ራሱ ሲናገር ኖሯል። እኛ ዘንድ ይህ የአንድ ወፍራም ልቦለድ ልክ ነው።

ብዙዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ የሠዓሊውን ጽናት ነው የሚያደንቁት። ይደነቅ። እኔ ግን የማየው ገጾቹን የሚቀበለውን ሰው ነው። 500 ገጽ ውድቅ ለማድረግ 500 ገጽ ማንበብ ያስፈልጋል። ተስፋ የቆረጠበትን ሰው ሥራ ማን እንዲህ ያነብባል? የቶሪሺማ «አይሆንም» በሩን የሚዘጋ አልነበረም፤ ከኋላው ሁልጊዜ «ሌላ ላክ» አለ። ቶሪያማም ይህን ስለሰማ ይመስለኛል ሌላ የላከው።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ኑዛዜ የሚከብደው፤ ምክንያቱም እኛ ይሉኝታ አለን። ለታላቅ ሰው፣ ያውም ስሙ ለተጠራ ጸሐፊ፣ ፊት ለፊት አይሆንም ማለት እንዴት እንደሚከብድ የሠራበት ያውቀዋል። ቃሉ አፍ ላይ ደርሶ ይመለሳል። «ትንሽ ይቀረዋል» ይባላል፤ «እናየዋለን» ይባላል፤ ጽሑፉ መሳቢያ ውስጥ ያረጃል፤ ሰውየውም ይገባዋል፤ ከዚያ በኋላ ሰላምታችን ራሱ ይቀዘቅዛል። ደግነት የሚመስለው ይህ ዝምታ ለጸሐፊው ምንም አይሰጠውም። ምኑ ጋ እንደተሰበረ አያውቅም፤ ሌላ ለመጻፍም ላለመጻፍም መያዣ የለውም።

ስለ ቶሪሺማ ካነበብኩ በኋላ በዕድሜም በስምም ታላቄ የሆኑ ሰው አጭር ልቦለድ ይዘውልኝ መጡ። ጋሼ ነው የምላቸው። ታሪኩ ድሬዳዋ ላይ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛን የያዘ ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ የባቡሩ ጥሪ ቢቀርም አሁንም በዚያው ሰዓት ከእንቅልፉ የሚነቃ ሰው። እንደልማዴ ነጥቤን እያደረግሁ አነበብኩት። የመጀመሪያዎቹ አራት ገጾች የንጋት ገለጻ ናቸው፤ ፀሐይዋ፣ ዛፎቹ፣ ወፎቹ። ነጥቦቹ በሙሉ እዚያ ሰፍረዋል።

ቡና ይዘን ተቀመጥን። አምስተኛው ገጽ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ።

«ጋሼ፣ ታሪኩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።»

«ከዚያ በፊት ያለውስ?»

«ያምራል። ግን እዚያ ላይ ሦስት ጊዜ ስልኬን አይቻለሁ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ገጾቹን መለስ ቀለስ አደረጉ። «ያቺን ንጋት ስንት ቀን እንደደከምኩባት ታውቃለህ ልጄ?»

«ድካሙማ ይታያል ጋሼ። እኔን ያስቸገረኝ እሱ ነው። ከአምስተኛው ገጽ ወዲህ ድካም አይታይም፤ ሰውየው ብቻ ነው የሚታየኝ።»

ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ቡናቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ፤ እኔም ጉልበቴ እየከዳኝ እስከ በር ሸኘኋቸው። ከሳምንት በላይ ድምፃቸው ጠፋ። በኋላ በሰው እጅ ፖስታ ላኩልኝ። ንጋቷ የለችም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ አትርፈው መጨረሻው ላይ አስገብተዋታል፤ ባቡሩ እንደማይመጣ ሰውየው አውቆ ተመልሶ የተኛበት ቦታ ላይ። ያቺ ዓረፍተ ነገር እዚያ መግባት እንዳለባት እኔ መቼም አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ዓይኔ የት እንደደከመ ነው፤ ምን መደረግ እንዳለበት የሚያውቀው የጻፈው ሰው ነው።

ቶሪሺማና ቶሪያማም እንደዚሁ ናቸው። ዶክተር ስላምፕ የተባለው ታሪክ ሲጀመር ቶሪያማ ዋና ገጸ ባሕሪ አድርጎ ያሰበው ሳይንቲስቱን ነው። ቶሪሺማ ደግሞ ሳይንቲስቱ የሠራትን መነጽራም የሮቦት ልጅ ዋና ትሁን አለ። ቶሪያማ ለወንዶች መጽሔት ሴት ልጅ ዋና ማድረግ አልዋጥ አለው። ውርርድ ተያያዙ፤ በሴት ዋና ገጸ ባሕሪ አንድ አጭር ታሪክ ይውጣ፤ በአንባቢ ድምፅ እስከ ሦስተኛ ከገባ የቶሪሺማ ይሁን፣ ካልገባ የቶሪያማ ይሁን። ወጣ፤ ሦስተኛ ሆነ። አራሌ የተባለችው የሮቦት ልጅ በ1980 ጃፓንን አጥለቀለቀችው። ታሪኩ ክፉ ሳይንቲስት ሲያስፈልገው ቶሪሺማ በዓለም ላይ ከሁሉም በላይ የምትጠላውን ሰው አስብና ሳለው ብሎ መከረ። ቶሪያማ ቶሪሺማን ሣለው፤ ስሙንም ገልብጦ ማሺሪቶ አለው። ገጹ ሲደርስ ማተሚያ ቤት የሚገባበት ሰዓት አልቆ ስለነበር ማስቀየር አልተቻለም። አርታኢው በሀገሩ የሚታወቀው እስካሁን በዚያ ክፉ ሰው መልክ ነው።

ድራጎን ቦልም የመጣው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ቶሪያማ ሲሥል የጃኪ ቻንን ፊልም ከፍቶ እንደሚሠራ ቶሪሺማ አየ፤ ይህን ያህል ከወደድከው ለምን የኩንግፉ ታሪክ አትሥልም አለው። በ1984 ተጀመረ። መጀመሪያ ላይ ግን የአንባቢው ድምፅ ወረደ። ቶሪሺማ ዋናው ልጅ ጎልቶ አይታይም አለ። እንዴት እንደሚጎላ አልነገረውም። ቶሪያማ አስቦ በጎኩ ዙሪያ የነበሩትን ሰዎች ገለል አደረጋቸው፤ ጎኩን ከሽማግሌው መምህሩ ጋር አስቀረው፤ ክሪሊን የተባለ አብሮ የሚሠለጥን ልጅ አመጣለት፤ የፍልሚያ ውድድር አዘጋጀ። መጠንከር ብቻ የሚፈልግ ልጅ ሆኖ ጎኩ ያን ጊዜ ተወለደ ማለት ይቻላል። ልጄ የሚወደው ያንን ጎኩ ነው።

ዓመታት አልፈው ድራጎን ቦልን ሌላ አርታኢ ከተረከበው በኋላ እንኳ ቶሪሺማ አልተወውም። አዲስ የመጡት ጠላቶች 19 እና 20 የተባሉ ሰው ሠራሽ ፍጡሮች ነበሩ፤ አንዱ ሽማግሌ፣ አንዱ ወፍራም። ስልክ ደውሎ እነዚህ ጠላት አይሆኑም አለ። ቶሪያማ 17 እና 18ን አመጣ። እነሱ ደግሞ ልጆች ናቸው ተባለ። ሴል የተባለው አስፈሪ ፍጡር የተፈጠረው ከዚያ ነው። አርታኢው አንድም መስመር አልሣለም። እነዚያ «አይሆንም»ዎች ባይኖሩ ግን ልጄ ግድግዳው ላይ የለጠፋቸው ግማሾቹ ሥዕሎች አይኖሩም ነበር።

ሁሉንም አወድሳለሁ ብዬ አይደለም። የጃምፕ አሠራር ሰው ያደቅቃል። ቶሪያማ ዶክተር ስላምፕን ለማቆም ሲለምን የተፈቀደለት በሦስት ወር ውስጥ አዲስ ታሪክ ሊጀምር ተስማምቶ ነው፤ አዲሱ ታሪክም በየሳምንቱ እየወጣ እስከ 1995 ወሰደው። የድካሙን ልክ ሠዓሊው ነው የሚያውቀው። አርታኢ የሥራው ብቻ ሳይሆን የሰውየውም ጠባቂ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ በኩል ከቶሪሺማ የምወስደው ነገር የለኝም።

ከሁሉም የበለጠ የማስበው ግን በ1996 ስለሆነው ነው። ድራጎን ቦል አልቋል፤ ሌላው ታላቅ ታሪክ ስላም ደንክም ተከትሎ አበቃ። በሽያጩ ጫፍ ላይ 6.53 ሚሊዮን ቅጂ ያሳተመው መጽሔት አንባቢው እየሸሸ ነው። ቶሪሺማን ዋና አዘጋጅ አድርገው ሾሙት። እሱም አሮጌ ስሞችን መማጸን ትቶ ገጹን ለጀማሪዎች ከፈተ። ከቀረቡለት መሀል ኤይቺሮ ኦዳ የተባለ ወጣት ስለ ባሕር ወንበዴዎች የሣለው ዋን ፒስ ነበር። ቶሪሺማ በኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ እሱ አልደገፈውም። አርታኢዎቹ ተሰብስበው ለረጅም ሰዓት ተከራከሩ፤ ወጣቶቹ ሽንጣቸውን ገትረው ቆሙለት። በዚያ ክፍል ውስጥ የመጨረሻው ቃል የሱ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ አይሆንም ሲል የኖረ ሰው ነው። ይውጣ አለ። በ1997 ወጣ፤ እነሆ እስካሁን አላለቀም።

ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ባልደረባዬ የአንድ ልጅ ጽሑፍ ይዛልኝ መጣች። ስለ ታክሲ ረዳቶች ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአራዳ ቋንቋ የተጻፈ። አማርኛ ለሚወድ ሰው ጆሮ የሚያደማ ነገር ነው። እርሳሴን ይዤ አነበብኩት። ስጨርስ ዳሩ ላይ አንዲት ነጥብ አልነበረችም። አልወደድኩትም፤ ግን የትም አልሸፈትኩም። ለእሷ ሁለቱንም ነገርኳት። «ታዲያ ምን እናድርግ?» አለችኝ። «ይውጣ፤ የምታርቺው ግን አንቺ ነሽ፤ እኔ እጄን አላስገባም» አልኳት። በሚቀጥለው እትማችን ላይ ይወጣል። ርእሱን ብቻ እንዲቀይር ለልጁ ንገሪው ብያት ነበር፤ እስካሁን ሁለቱም እምቢ እንዳሉ ናቸው።